ከጊዮርጊስ እስከ ኮፐንሐገን፦ የቅብብል ሩጫ ታሪክና የኢትዮጵያ ሯጮች

የመጽሔታችን ዝግጅት ክፍል ስለ ኢትዮጵያ የሩጫ ታሪክ አንድ ጽሑፍ እንዳቀርብ በጠየቀኝ ጊዜ፣ የሮምንና የቶኪዮን ድል እንደገና እንድተርክ የተፈለገ መስሎኝ ነበር። ይህ ታሪክ ግን ብዙ ጊዜ ተጽፏል፤ የሰውነት ማጎልመሻ መምህራንና አሠልጣኞች የሆንን የማኅበሩ አባላትም በቃላችን እናውቀዋለን። ስለሆነም ጥቂት ወደ ተነገረለት ወደ አንድ ሌላ ጉዳይ ማዘንበልን መረጥሁ። ጉዳዩም የቅብብል ሩጫ ነው፤ ይኸውም አንድ ሰው ከሌላው ተቀብሎ፣ የድርሻውን ርቀት ሮጦ፣ ለሚቀጥለው የሚያስረክብበት ውድድር ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓ.ም. ተብሎ ብቻ የተመለከተው ዘመን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲሆን፣ በአውሮፓ አቆጣጠር የተሰጠው እ.ኤ.አ. የሚል ምልክት አለው።

የመልእክተኛው በትር

አራዳ ጊዮርጊስ ፊት ለፊት፣ በዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት አደባባይ የቆመ ሰው ሁለት ዘመን በአንድ ጊዜ ያያል። በአንድ በኩል ከዓድዋ ድል በኋላ ለመታሰቢያነት የተተከለው ስምንት ማዕዘኑ የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አለ። በሌላው በኩል በየካቲት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያ ይታያል። ይህ መታሰቢያ ሲሠራ ብዙ ሰው ያወቀው «ዓድዋ ዜሮ ዜሮ ኪሎ ሜትር» በሚለው ስሙ ነበር፤ የከተማይቱ ርቀት መነሻ ነጥብ በዚያ እንዲሆን ታስቦ ነውና። ስሙ ለሯጭ ትርጉም አለው። ማንኛውም ርቀት ከአንድ ቦታ ይጀምራል፤ ከየት እንደ ተነሣ የማያውቅ ሰው ምን ያህል እንደ ቀረው ሊያውቅ አይችልም።

አራዳ ከአደባባይነቱ በፊት ገበያ ነበር። ጠላት አገሩን በያዘ ጊዜ ትልቁ ገበያ ወደ መርካቶ እስኪዛወር ድረስ፣ የከተማው ወሬ የሚሰማውና ወደ አገር ቤት የሚላከው ከዚህ ነበር። በእነዚያ ዘመናት መልእክት የሚጓዘው በሰው እግርና በበቅሎ ነው። አገራችንን የጎበኙ የውጭ አገር መንገደኞች ደጋግመው ከጻፉአቸው ነገሮች አንዱ፣ ደብዳቤውን በተሰነጠቀ በትር ጫፍ ላይ አጣብቆ በሶምሶማ የሚገሠግሠው መልእክተኛ ነው። በትሩ ሁለት አገልግሎት ነበረው። ወረቀቱን ከእጅ ላብና ከመታጠፍ ይጠብቀዋል፤ ከሩቅ ለሚያየው ሰው ደግሞ ተሸካሚው መልእክተኛ መሆኑን ያስታውቃል።

የቀድሞው የአማርኛ ደብዳቤ «ይድረስ ከ...» ብሎ ይጀምር እንደ ነበር የምናስታውስ ነን። ጸሐፊው ከሰላምታው አስቀድሞ የሚመኘው የደብዳቤውን መድረስ ነው። ይህ ልማድ ብቻ አይመስለኝም። ወረቀቱ ወንዝ ተሻግሮ፣ ቆላ ወርዶ፣ ደጋ ወጥቶ ከባለቤቱ እጅ መግባቱ እርግጠኛ ስላልነበረ፣ ቃሉ ምኞትም ጸሎትም ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ መጋቢት 1 ቀን 1886 ዓ.ም. የፖስታ አገልግሎት እንዲቋቋም ሲያዙ፣ ፓሪስ ታትመው የመጡት ቴምብሮች የአገልግሎቱ ምልክት ሆኑ። የደብዳቤው ጉዞ ግን ለብዙ ዓመታት በሰውና በእንስሳ እግር ላይ የተመሠረተ ሆኖ ቆየ። ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል የሆነችው ከ15 ዓመት ያህል በኋላ፣ በ1901 ዓ.ም. ነው።

ዛሬ በየትምህርት ቤቱ ሜዳ «ዱላ ቅብብል» ብለን የምናስተምረው ውድድር ከዚህ መልእክተኛ ታሪክ በቀጥታ የመጣ አይደለም፤ በዘመናዊ ትምህርት በኩል ከውጭ የገባ ነው። ነገር ግን ሐሳቡ ለአገሩ እንግዳ አልነበረም። በእጅ የያዙት ነገር የራስ አይደለም፤ አደራ ነው። የሚመዘነውም ተሸካሚው በመፍጠኑ ብቻ ሳይሆን ዕቃው በመድረሱ ነው።

የጃፓን የመልእክት ጣቢያና የሰሜን አውሮፓ ጫካ

ሌሎች አገሮችም የመልእክተኞቻቸውን ታሪክ ወደ ስፖርት ለውጠውታል። ከእነዚህ ውስጥ ዋናው የጃፓን «ኤኪደን» ነው። ቃሉ በጥንቱ መንገድ ላይ መልእክተኞች ፈረስ ከሚለውጡበት ጣቢያ ስም የተወሰደ ነው። የመጀመሪያው ኤኪደን እ.ኤ.አ. በ1917 ከኪዮቶ ወደ ቶኪዮ ተካሄደ፤ ምክንያቱም ዋና ከተማው ከኪዮቶ ወደ ቶኪዮ የተዛወረበትን 50ኛ ዓመት ለማክበር ነበር። ሯጮቹ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነውን መንገድ ተከፋፍለው ሦስት ቀን ፈጀባቸው። በኤኪደን የሚተላለፈው ዱላ አይደለም፤ በትከሻና በደረት ላይ የሚታሠር «ታሱኪ» የሚባል መታጠቂያ ነው። ሯጩ የባልደረባውን ላብ የጠጣውን ጨርቅ በራሱ ገላ ላይ አጥልቆ ይሮጣል።

ሁለተኛው ዓይነት በስዊድንና በፊንላንድ ጫካ ውስጥ የሚካሄደው ነው። ይህ በካርታና በኮምፓስ አቅጣጫን እየፈለጉ የሚሮጡበት ስፖርት ሲሆን፣ መነሻው የጦር ሠራዊት ልምምድ ነው። ለሕዝብ ክፍት የሆነው የመጀመሪያ ውድድር እ.ኤ.አ. በ1897 በኖርዌይ ተደረገ፤ የዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1961 ኮፐንሐገን ላይ ተመሠረተ። በቅብብል መልክ ከሚካሄዱት ታላላቆቹ ሁለት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1945 የተጀመረው የስዊድን «ቲዮሚላ» አሥር ሯጮች ሌሊቱን የሚቀባበሉበት ነው። እ.ኤ.አ. በ1949 የተጀመረው የፊንላንድ «ዩኮላ» ደግሞ ሰባት ሯጮች አሉት፤ ስሙንና የሯጮቹን ቍጥር ያገኘው አሌክሲስ ኪቪ የተባለ ደራሲ ስለ ሰባት ወንድማማቾች ከጻፈው ልብ ወለድ ነው።

በዚህ ውድድር ተራው የደረሰ ሯጭ ካርታውን የሚያገኘው ባልደረባው ሲደርስ ነው። በጨለማ፣ ግንባሩ ላይ መብራት አሥሮ፣ በጫካ ውስጥ የተተከሉትን ነጭና ብርቱካንማ ምልክቶች በተራ ቍጥራቸው ፈልጎ ማግኘት አለበት። አንዱን ቢዘል ወይም ቢሳሳት የእሱ ብቻ ሳይሆን የመላው ቡድን ውጤት ይሰረዛል። ደግሞም ሌላውን ሯጭ እግር በእግር መከተል አያዋጣም፤ አዘጋጆቹ ሆን ብለው የምልክቶቹን ቦታ ለየቡድኑ በመጠኑ ይለዋውጡታልና፣ የተከተሉት ሰው ወደ ራሱ ምልክት ይዞ ይሄዳል። ስለሆነም ውድድሩ ሁለት ነገር በአንድነት ይጠይቃል። ሯጩ የት እንዳለ ማወቅ አለበት፤ ማን እየጠበቀው እንዳለም መዘንጋት የለበትም። የእኛን ሯጮች ታሪክ በእነዚህ ሁለት መመዘኛዎች ስንመለከተው ከተለመደው ለየት ያለ ገጽ ይታየናል።

ሁለቱን ዓለሞች ያገናኘ ሰውም ነበር። ፊንላንድ ተወልደው በስዊድን ያደጉት ሜጀር ኦኒ ኒስካነን እ.ኤ.አ. በ1946 ኢትዮጵያ ገብተው የክብር ዘበኛ ዕጩ መኮንኖችን ማሠልጠን ጀመሩ። በስዊድን የዳበረውን፣ በገላጣ አገር ላይ ፍጥነትን እየጨመሩና እየቀነሱ የመሮጥ ልምምድ በአዲስ አበባ ዙሪያ ባሉት ዳገቶች ላይ ሠሩበት። ከክብር ዘበኛ ባልደረቦች መካከል አበበ ቢቂላና ማሞ ወልዴ ይገኙ ነበር።

ከሜልቦርን እስከ ሜክሲኮ

ኢትዮጵያ በኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሳተፈችው በሜልቦርን፣ በኅዳር 1949 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ጉዞ ሜዳልያ አልተገኘም፤ በዚህም ምክንያት ብዙ ጊዜ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይታለፋል። ከማኅበራችን አባላት ስንቶቻችን እንደምናስታውሰው አላውቅም እንጂ፣ ኢትዮጵያ በዚያ ኦሊምፒክ 4 ጊዜ 400 ሜትር ዱላ ቅብብል አሰልፋ ነበር። ከአራቱ አንዱ ማሞ ወልዴ ነው። ማሞ በዚያው ኦሊምፒክ 800 እና 1500 ሜትርም ሮጧል። በሁሉም ከማጣሪያው አላለፈም።

ይህን ነገር እንደ ውድቀት ማየት ቀላል ነው። በበኩሌ ግን የኢትዮጵያ የኦሊምፒክ ታሪክ ከጅምሩ በቅብብል መከፈቱን እንደ ቁም ነገር እመለከተዋለሁ። ማሞ ያን ጊዜ የ24 ዓመት ወጣት ነበር። ሩቅ አገር ሄዶ፣ ከሦስት የአገሩ ልጆች ጋር አንድ ዱላ ተቀባብሎ፣ ተሸንፎ ተመለሰ። ከአራት ዓመት በኋላ፣ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. አበበ ቢቂላ በሮም ጎዳና በባዶ እግሩ ማራቶንን አሸነፈ። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ደግሞ በቶኪዮ ደገመው።

ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ የሆነው ግን ከሁለቱም የተለየ ነው። አበበ ለሦስተኛ ጊዜ ሊያሸንፍ ተሰለፈ፤ እግሩ ግን አስቀድሞ ተጎድቶ ነበርና 17 ኪሎ ሜትር ያህል ከሮጠ በኋላ አቋረጠ። ከአንድ ሳምንት በፊት በ10,000 ሜትር የብር ሜዳልያ ያገኘው ማሞ ወልዴ ሩጫውን ቀጠለ። በመጨረሻም 2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሰኮንድ በሆነ ጊዜ፣ ሁለተኛውን የጃፓን ሯጭ ከ3 ደቂቃ በላይ ቀድሞ ገባ። መራዊ ገብሩ ደግሞ 6ኛ ሆነ።

ማራቶን የግል ውድድር ነው፤ ዱላ የለውም። ሆኖም በዚያ ቀን ሜክሲኮ ላይ አንድ ነገር ከአንድ እጅ ወደ ሌላ እጅ ተላልፏል። በሜልቦርን በቅብብል የተሸነፈው ወጣት፣ ከ12 ዓመት በኋላ የአገሩን አደራ በመንገድ መካከል ተረክቦ አደረሰው። አንዱ ሲደክም ሌላው ዝግጁ ሆኖ ባይገኝ ኖሮ ሦስተኛው የማራቶን ወርቅ ባልተገኘም ነበር። የአበበ ታላቅነት በሁለቱ ድሎቹ ይታያል፤ የቡድኑ ታላቅነት ግን ጎልቶ የታየው አበበ ካቋረጠ በኋላ ነው።

የዙር መሳት

እስከዚህ የተናገርነው ስለ ተረካቢው ነው። አሁን ወደ ሁለተኛው መመዘኛ፣ የት እንዳሉ ወደ ማወቁ እንለፍ። በዚህ ረገድ ታሪካችን ሁለት ትምህርት ሰጪ ስሕተቶች አሉት፤ ስሕተት የተባሉት ሯጮቹን ለማሳነስ እንዳልሆነ አንባቢ ይረዳልኛል።

የመጀመሪያው በሐምሌ 1963 ዓ.ም. በአሜሪካ በዱርሃም ከተማ፣ የአፍሪካና የአሜሪካ ቡድኖች ሲወዳደሩ የደረሰ ነው። ምሩጽ ይፍጠር በ5,000 ሜትር አንድ ዙር ሲቀረው ያለቀ መስሎት በሙሉ ኃይሉ ተፈትልኮ ቆመ፤ ውድድሩንም አጣ። በዚያው ግጥሚያ በ10,000 ሜትር ተሰልፎ በማሸነፍ ግን ምን ዓይነት ሯጭ እንደ ሆነ አሳየ።

ሁለተኛው ይበልጥ የሚያስገርመው ነው። መጋቢት 19 ቀን 1973 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በማድሪድ የዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮና ላይ ተሰለፈች። የወንዶቹ ርቀት 12 ኪሎ ሜትር ነበር። ኢትዮጵያውያን ሯጮች በአንድነት ሆነው ከሌላው ሁሉ ተለይተው ወጡ። አንድ ዙር ሲቀር ግን የመጨረሻው መስሎአቸው እየተሽቀዳደሙ ወደ መግቢያው ሮጡና ጨረስን ብለው ፍጥነታቸውን አቆሙ። ስሕተቱ ሲታወቅ ሌሎቹ ደርሰውባቸው ነበር። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የሚባለው በዚህ ዓይነቱ ጊዜ ነው። በግል ውጤት አሜሪካዊው ክሬግ ቨርጂን አንደኛ ሲሆን መሐመድ ከድር ሁለተኛ ወጣ።

ከዚህ ላይ አንድ ነገር ማስተዋል ያስፈልጋል። በዚያን ጊዜ ደንብ የቡድን ውጤት የሚታሰበው የስድስት ሯጮች ደረጃ ተደምሮ ነው፤ አነስተኛ ድምር ያለው ያሸንፋል። ስለሆነም የፈጠነ አንድ ሰው ብቻ አይበቃም፤ ስድስተኛው ሰው እንደ አንደኛው ይቈጠራል። ኃይላቸውን በከንቱ ያፈሰሱት ሯጮች «ቀርቷል» ብለው ሜዳውን ጥለው ቢወጡ ማንም በግል አይወቅሳቸውም ነበር። እነሱ ግን እንደገና ሩጫ ጀመሩ። ኢትዮጵያም በቡድን አንደኛ ሆነች። የግሉን ወርቅ የዙር መሳት ወሰደው፤ የቡድኑን ወርቅ ግን እንደገና መነሣት አስገኘው።

ይህ ድል ድንገተኛ እንዳልነበረ በኋላ የመጣው ያረጋግጣል። ኢትዮጵያ ከ1973 እስከ 1977 ዓ.ም. ድረስ በወንዶች የቡድን ውድድር አምስት ጊዜ በተከታታይ አሸንፋለች። ራሱ መሐመድ ከድር በ1974 ዓ.ም. ሮም ላይ፣ በቀለ ደበሌም በ1975 ዓ.ም. ጌትስሄድ ላይ በግል አንደኛ ወጡ። በ1978 ዓ.ም. ኬንያ ቦታውን ተረከበችና ለብዙ ዓመታት ያዘችው።

ከማድሪድ ስምንት ወር ቀደም ብሎ፣ ሐምሌ 20 ቀን 1972 ዓ.ም. በሞስኮ ኦሊምፒክ የታየው የ10,000 ሜትር ሩጫም በዚሁ መንፈስ የተሠራ ነው። ምሩጽ፣ መሐመድ ከድርና ቶሎሳ ቆቱ ተራ በተራ እየመሩ፣ ፍጥነቱን እያፈራረቁ የፊንላንድን ታላላቅ ሯጮች አደከሙ። ምሩጽ ወርቅ፣ መሐመድ ነሐስ አገኙ፤ ቶሎሳ አራተኛ ሆነ። በአሸናፊዎች መዝገብ ላይ የሦስተኛው ሰው ስም የለም። የሩጫው ታሪክ ግን ያለ እሱ አይሞላም።

የሴቶቹ ቅብብል

የዓለም አቀፉ አትሌቲክስ ፌዴሬሽን የጃፓንን ኤኪደን አርአያ በማድረግ እ.ኤ.አ. ከ1992 እስከ 1998 ድረስ በየሁለት ዓመቱ የዓለም የጎዳና ላይ ቅብብል ሻምፒዮና ያካሂድ ነበር። ስድስት ሯጮች የማራቶንን ርቀት፣ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትርን፣ 5፣ 10፣ 5፣ 10፣ 5 እና 7.195 ኪሎ ሜትር አድርገው ይከፋፈሉታል። በዚህ ውድድር የኢትዮጵያ ሴቶች ቡድን በ1988 ዓ.ም. በኮፐንሐገን፣ በ1990 ዓ.ም. ደግሞ በብራዚል ማናውስ ከተማ በተከታታይ አንደኛ ሆኗል። ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና ያገኘችው የ10,000 ሜትር ወርቅ በየትምህርት ቤቱ ሲነገር፣ የስድስት ሴቶች ተቀባብሎ ማሸነፍ ግን ብዙም አይነሣም። ይህ ተገቢ አይመስለኝም። ሻምፒዮናው ከማናውስ በኋላ ቀረ፤ ታሪኩም አብሮት የተረሳ ይመስላል።

ከ19 ዓመት በኋላ ቅብብል በሌላ መልክ ተመለሰ። በ2009 ዓ.ም. ካምፓላ በተደረገው የዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮና ሁለት ወንዶችና ሁለት ሴቶች የሚሳተፉበት የድብልቅ ቅብብል ተጨመረ። ኢትዮጵያ በዚያ ጊዜ ከኬንያ ቀጥላ ሁለተኛ ሆነች። መጋቢት 21 ቀን 2011 ዓ.ም. በዴንማርክ ኦርሁስ ከተማ ግን ከበደ እንዳለ፣ ቦኔ ጩሉቃ፣ ታደሰ ለሚና ፋንቱ ወርቁ ተቀባብለው ወርቁን አመጡ። በ2015 ዓ.ም. በአውስትራሊያ ባተርስት እንደገና የብር ሜዳልያ ተገኘ። በሜልቦርን ከማጣሪያ ያላለፈው የአራት ሰዎች ቅብብል፣ ከ66 ዓመት በኋላ በዚያችው አገር ላይ ከመድረኩ ወጣ ማለት ነው።

ለሙያ ባልደረቦቼ

አንዳንድ ባልደረቦች «ሜዳልያ የሚያመጣው ግለሰብ ነው፤ ቅብብል ለጨዋታ ያህል ይበቃል» ሲሉ እሰማለሁ። ምክንያታቸው ባዶ አይደለም። ዛሬ የሯጭ ኑሮ በጎዳና ላይ ሩጫ ሽልማት የሚወሰን ሲሆን፣ አንድ ወጣት ስለ ራሱ ሰዓት ማሰቡ አይፈረድበትም። ነገር ግን «ለብቻው የሮጠ የሚቀድመው የለም» እንደሚባለው፣ ከሌላው ጋር መሮጥን ያልተማረ ሰው ልኩን አያውቅም። በሜክሲኮም በማድሪድም በሞስኮም ያየነው፣ ከግለሰቡ ጉልበት በስተጀርባ የቡድን ሥርዓት እንደ ነበረ ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገር ላሳስብ እወዳለሁ። አንደኛ፣ ዱላ ቅብብል በትምህርት ቤት ስፖርት በዓል መዝጊያ ላይ ብቻ የሚታይ ትርዒት መሆኑ ቀርቶ፣ ከዓመቱ መጀመሪያ ጀምሮ የሚሰጥ ትምህርት ይሁን። ፈጣኑ ልጅ ዘገምተኛውን መጠበቅን፣ ዘገምተኛውም የፈጣኑን ልፋት አለማባከንን የሚማረው በዚህ ነው። ሁለተኛ፣ ካርታ ማንበብ ለጂኦግራፊ መምህር ብቻ አይተው። ይህ ትምህርት ጫካም ብዙ ገንዘብም አይፈልግም። ተማሪዎችን ከጊዮርጊስ አደባባይ አስነሥቶ፣ በእጅ በተነደፈ ካርታ የአቡነ ጴጥሮስን ሐውልት፣ ማዘጋጃ ቤቱን፣ እሪ በከንቱን፣ ራስ መኰንን ድልድይን ተራ በተራ እንዲያገኙ ማድረግ ይቻላል። ተሽከርካሪ በበዛበት መንገድ ሩጫው እርምጃ ይሁን፤ ዋናው ነገር የት እንዳሉ ማወቅ ነው።

ይህንም የምለው ሌላ ምክንያት ስላለኝ ነው። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ በተካሄደው የኮሪደር ልማት ብዙ የቆዩ ቤቶች ፈርሰዋል፤ ነዋሪዎቻቸውም ወደ ሌላ ሰፈር ሄደዋል። አያት ለልጅ ልጁ «ከእገሌ ሱቅ ታጥፈህ» ብሎ ያመለክት የነበረው ምልክት በብዙ ቦታ የለም። መንገዱ ሰፍቷል፣ መብራቱ ደምቋል፤ የሰፈሩ ካርታ ግን በአብዛኛው የሚገኘው በሽማግሌዎቹ ልብ ውስጥ ነው። ልጆቹ ካልተረከቡት ከእነሱ ጋር ይሄዳል።

የአራዳው መልእክተኛ በበትሩ ጫፍ የያዘውን ደብዳቤ አንብቦት ላይሆን ይችላል። ከማን እንደ ተቀበለውና ለማን እንደሚያደርሰው ግን ጠንቅቆ ያውቅ ነበር። እኛ መምህራንም ከቀደሙት የተቀበልነው ነገር አለ፤ የሚጠብቀንም ተማሪ ቆሞአል። የድርሻችንን ርቀት ሮጠን ስናበቃ ሜልቦርን ይሁን ሜክሲኮ የምናውቀው ነገር አይኖርም፤ ያ የሚታወቀው በተረካቢው እግር ነው። እስከዚያው ግን የቀድሞዎቹ ጸሐፊዎች በደብዳቤያቸው ራስጌ ያሰፍሩት የነበረውን ያንኑ ቃል እኛም በሥራችን ላይ እንጽፈው፤ ይድረስ።